ከቶራ ትምህርት በፊት በሚባለው ቡራኬ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤርምያስ ምዕራፍ 9 ላይ «ምድሪቱ ስለ ምን ጠፋች?» የሚል ጥያቄ አለ። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ (ነዳሪም 81) ሲመልስ ሕዝቡ ቶራ ስላልተማረ አይልም፤ ከመማሩ በፊት ስላልባረከ ነው ይላል። የአይሁድ ሕግ መድብል የሆነው ሹልሃን አሩክም የቶራ ቡራኬን ሕግ (ኦራህ ሃይም 47) የሚከፍተው እጅግ መጠንቀቅ እንደሚገባ በማሳሰብ ነው። ጉዳዩ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ጠዋት ጠዋት የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

ሳይባርኩ ማንበብ መጀመር። ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ በስልክ የሳምንቱን ፓራሻ (የኦሪት ንባብ ክፍል) መክፈት የተለመደ ሆኗል። ቡራኬው የሚያስፈልገው ለኦሪት ብቻ አይደለም። ለሚሽና (የቃል ሕግ ስብስብ)፣ ለታልሙድ፣ ለሚድራሽም (የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ) ያስፈልጋል። የቶራ ቃል መጻፍም እንደ መማር ይቆጠራል። በልብ ማሰብ ብቻ ግን በሹልሃን አሩክ መሠረት ቡራኬ አይጠይቅም፤ ታላቁ ሊቅ የቪልናው ጋኦን በዚህ አይስማሙም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጸዳጃ ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ ቡራኬ፣ ከዚያ ንባብ።

ባርኮ መሄድ። ቡራኬው ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ ወዲያው የቶራ ቃል ሊከተለው ይገባል። ሲዱር (የጸሎት መጽሐፍ) ውስጥ ከቡራኬው ቀጥሎ የካህናት ቡራኬ (ዘኍልቁ 6፥24-26)፣ ከዚያም ከሚሽና ፔአ 1፥1 እና ከታልሙድ ሻባት 127 የተወሰዱ ቃላት የተቀመጡት ለዚህ ነው። ባርኮ ሲዱሩን አጥፎ ቡና ሊያፈላ የሚነሳ ሰው ቡራኬውን ማረፊያ አሳጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በተለይ በእስራኤል ያሉ፣ ዕብራይስጡን ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን ያልለመዱ ወላጆቻችንን ይመለከታል። የኦሪት ጥቅስ በዕብራይስጥ ከተነበበ ትርጉሙ ባይገባም እንደ ትምህርት ይቆጠራል። የቃል ቶራ፣ ማለትም ሚሽናና ታልሙድ ግን ሳይገባ ቢነበብ እንደ ትምህርት አይቆጠርም። ስለዚህ የካህናት ቡራኬውን ፈጽሞ አይዝለሉ። የፔአን ሚሽና ደግሞ አንድ ጊዜ በአማርኛ ይረዱት፤ መጠን ያልተወሰነላቸውን ነገሮች የሚዘረዝር አጭር ቃል ነው፣ ቶሎ ይያዛል።

የቡራኬውን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች መነጣጠል። «ላዓሶክ ቤዲቭሬ ቶራ» (በስፋራዲ፣ ማለትም ከስፔንና ከምሥራቅ አገሮች በመጡ አይሁድ፣ ሲዱር «ዓል ዲቭሬ ቶራ») እና «ቬሃዓሬቭ ና» አንድ ቡራኬ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው አከራካሪ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው «ቬ» (እና) በሚለው ማያያዣ ይጀመር፤ «ሃዓሬቭ» ብሎ መጀመር ሁለቱን ይነጥላል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ክፍል በለሆሳስ የሚሉትም ሰሚው አሜን ልበል አልበል ብሎ እንዳይቸገር ነው። የመጨረሻው «አሼር ባሃር ባኑ» ነው፤ ታልሙድ (ብራኾት 11) ከቡራኬዎቹ ሁሉ የላቀው ይለዋል።

በየሰዓቱ መድገም። ሥራ ሄዶ ማታ ሲመለስ እንደገና የሚባርክ አለ። አያስፈልግም። በሱካ (በዳስ በዓል ዳስ) የሚበላ ሰው በየምግቡ ይባርካል፤ የቶራ ግን የተለየ ነው፤ ሰው ሁልጊዜ ሊማር ስለሚገባው ሐሳቡ ከትምህርቱ አይቋረጥም። ሥራ፣ ገላ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት አያቋርጡትም። በቀን እንቅልፍ ላይ ክርክር ቢኖርም ልማዱ አለመድገም ነው።

ቶራ እየተማሩ በሚያድሩበት በሻቩዖት በዓል ሌሊት ግራ መጋባት። ሳይተኛ ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ ምን ያድርግ? በብዙ አሽከናዚዎች (የአውሮፓ አይሁድ) ዘንድ፣ ተኝቶ ከነቃ ሰው አፍ ቡራኬውን ይሰማል፤ ባራኪው እርሱን ከግዴታው ነጻ ለማውጣት፣ እርሱም በዚያ ግዴታውን ለመወጣት ማሰብ አለባቸው፤ ከዚያ አሜን ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ በጠዋቱ ጸሎት «አሃቫ ራባ» የሚለውን ቡራኬ ሲል ለቶራ ቡራኬም ይሁንልኝ ብሎ ያስብና ከጸሎት በኋላ ወዲያው ጥቂት ይማራል። በዋዜማው ቀን ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ግን፣ ረቢ አኪቫ ኤገር እንዳስተማሩት፣ ራሱ ይባርካል። የስፋራዲዎች ልማድ ቀለል ያለ ነው፦ ባይተኙም ጎህ ሲቀድ ሁሉም ይባርካል። ስህተቱ የሚፈጠረው ጎህ ከቀደደ በኋላ ሳይባርኩ ትምህርቱን ሲቀጥሉ ነው።

«ባርኬያለሁ ወይስ አልባረክሁም?» ሲሉ በዘፈቀደ መወሰን። ለአብዛኞቹ ሌሎች ቡራኬዎች በጥርጣሬ አይባረክም። የቶራ ቡራኬን ግን ታልሙድ (ብራኾት 21) ከኦሪት፣ ከዘዳግም 32፥3፣ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የሹልሃን አሩክ ማብራሪያ የሆነው ሚሽና ብሩራ «አሼር ባሃር ባኑ» ብቻውን እንዲባል ይፈቅዳል። ብዙ የስፋራዲ ሊቃውንት ግን በጥርጣሬ አይባረክም ይላሉ። ለሁሉም የሚሆነው መንገድ ከሌላ ሰው መስማት ነው።

ለቶራ ንባብ ሲጠሩ «ጠዋት ብያለሁ» ብሎ መተው። በምኩራብ ለቶራ ንባብ የተጠራ ሰው ከደቂቃ በፊት ባርኮ ቢሆንም «አሼር ባሃር ባኑ»ን ይደግማል፤ በምኩራቡ የሚባለው የተሠራው ለቶራው ክብር በጉባኤ ፊት ነው። በተቃራኒው ሳይባርክ ተጠርቶ ከሆነ፣ በዚያው ግዴታውን ተወጥቷልና በኋላ ይህን ቡራኬ አይደግመውም።

ሴቶችን አይመለከትም ማለት። ሹልሃን አሩክ (47፥14) ሴቶች የቶራ ቡራኬ እንደሚባርኩ በግልጽ ይደነግጋል፤ የሚጠበቅባቸውን ሕግ መማር አለባቸውና። ሴት ልጅዎን ሲዱር ሲያስተምሩ ይህን ገጽ አይለፉት።