ዋሻ ስትገቡ የስልኩን መብራት ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት

ልጆች ይዛችሁ ዋሻ ስትገቡ የስልካችሁን መብራት ፊታችሁ አጠገብ አትያዙት፣ እጃችሁን ወደ ታች ዘርግታችሁ ከጉልበት በታች አድርጉትና መሬቱን ከጎን ያብራው። ብርሃኑ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ሲሆን ከፊት ያለው ጥላ አይታያችሁም፣ ጉድጓዱም ጉብታውም ሜዳ ይመስላል፣ ዝቅ ስታደርጉት ግን እያንዳንዷ ጠጠር ሳትቀር ጥላዋን ትጥላለች እና ልጆቹ እንኳን የት እንደሚረግጡ ራሳቸው ያዩታል። ዋሻው የኖራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ውሃ ስለሚንጠባጠብ ያንሸራትታል፣ እርጥቡ ቦታም በዚህ አያያዝ ሲያብለጨልጭ ከሩቅ ትለዩታላችሁ።

ለዋሻ ብቻም አይደለም፣ ዘጌ ገዳማቱን ስታዩ መሽቶባችሁ በቡናው ጫካ ስትመለሱ ለዛፍ ስሩና ለድንጋዩ ያው ነው የሚሰራው። ከጎጃም ራቅ ብላችሁ ባሌ ሶፍ ዑመር ለመሄድ ያሰባችሁም ሞክሩት፣ ግን እዛ ዋሻውን የቦረቦረው የዌብ ወንዝ አሁንም በውስጡ ስለሚያልፍ ክረምት ላይ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ድንጋዩን በእጅ እየያዛችሁ የምትወጡት ቦታ ከሆነ ይሄን ተዉት፣ እጅ ነጻ የሚያደርግ የግንባር ባትሪ ይሻላል። ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፍ ካለም ወደ ላይ አታብሩ፣ ወፎቹ ከተረበሹ ልጆቹ በጩኸት ያደነቁሯችኋል 😅