ፀሐይንና ጨረቃን ከጎንደር ሆኖ ፎቶ ማንሳት

ፀሐይንና ጨረቃን ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጎንደር ላይ ግን ሁለተኛ ደረጃ የሚይዝ ይመስለኛል። በዚህች ከተማ በአንድ ሌንስ ጠዋት የተነሣና ከሰዓት በኋላ የተነሣ የፀሐይ ምስል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች የወጡ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሌንሱ ፊት ያለው አየር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰዓቱንና ወቅቱን ከመሣሪያው አስቀድሜ እጽፋለሁ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ከምድር አየር አንድ አምስተኛ ያህሉ ከእግራችን በታች ቀርቷል። ከምድር ወገብም በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይና ጨረቃ ወደ አናት ተጠግተው ያልፋሉ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ 13 አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። አንድ የሰማይ አካል ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ስለሚያጥር ምስሉ የጠራ ይሆናል፤ በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ፎቶ አንሺ ይህን ዕድል አያገኝም።

ዕድሉ የራሱ ችግር አለው። ረጅም ሌንስ የያዘ ካሜራ በተራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሆኖ ወደ አናት ሲቀና የካሜራው ጀርባ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፣ ክብደቱም ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ፎቶ አንሺውም መሬት ላይ መተኛት ይኖርበታል። መፍትሔው አካሉ በትክክል አናት ላይ እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ወይም ሲያልፈው 60 ዲግሪ አካባቢ ከፍታ ላይ ይሆናል፤ ለሥራም ይመቻል፣ ከጥራቱም የሚጎድለው እምብዛም ነው።

ለፀሐይ የሚመረጠው ሰዓት ጠዋት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ በቂ ከፍታ ትይዛለች፣ መሬቱ ግን ገና አልሞቀም። ከ5 ሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ አስፋልቱና የድንጋይ ግንቡ ሙቀት መልቀቅ ስለሚጀምሩ በካሜራው ስክሪን ላይ የፀሐይ ጠርዝ ሲርገበገብ በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ ሌንስ መቀየርም ሆነ ፎከሱን ደጋግሞ ማስተካከል አይረዳም። በተቻለ መጠን ከሣር ሜዳ ላይ እንጂ ከሲሚንቶ ሰገነት ላይ አታንሱ። ለጨረቃ ደግሞ ማታ 1 ሰዓትና 2 ሰዓት ላይ የእራት ማብሰያ ጭስ በዝቅተኛው ሰፈር ላይ ስለሚተኛ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ወቅትን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ያለውን ደመና መታገል ትርፉ ትንሽ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ግን ክረምቱ አቧራውን አጥቦት ስለሚሄድ ከዓመቱ ሁሉ የጠራ ሰማይ የሚታይባቸው ወራት ናቸው። ከየካቲት በኋላ አቧራው እየጨመረ ይሄዳል፤ አናት ላይ ያለች ጨረቃን ብዙም አይጎዳም፣ ከአድማስ አቅራቢያ የሚነሣን ምስል ግን ያደበዝዛል።

ስለ ጨረቃ

ጀማሪ ሁሉ ሙሉ ጨረቃን ይመርጣል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የምታሰለቸው እርሷ ናት። ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የላትም፣ ተራራውም ጉድጓዱም ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ግማሽ ስትሆን ግን በብርሃንና በጨለማ ድንበር ላይ ያለው ነገር ሁሉ ረጅም ጥላ ይጥላል። በመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ ቀን ፕቶሌሚየስ፣ አልፎንሰስና አርዛኼል የሚባሉት ሦስት ጉድጓዶች ድንበሩ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፣ ከእነርሱም በስተሰሜን የአፔናይን ተራሮች በቅስት ተዘርግተው ይገኛሉ። ሁለት ቀን ቆይቶ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስ ከጨለማው ይወጣል። ሙሉ ጨረቃ የምትጠቅመው ከቲኮ ጉድጓድ የሚፈነጥቁትን ነጫጭ መስመሮች ለማንሳትና ጥቁር ሜዳዎቹን ለመለየት ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11 ያረፈበት የጸጥታ ባሕር ከእነዚህ አንዱ ነው።

የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ የስልክ መተግበሪያ የግድ አይደለም። በሒጅራ አቆጣጠር የወሩ 7 ወይም 8 ላይ ግማሽ፣ 14 ወይም 15 ላይ ሙሉ ትሆናለች። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባትም የዕለቱን ሌሊት ቆጥረው ይነግሯችኋል፤ የስሌቱ ውጤት በሰማይ ከምትታየው ጨረቃ በጥቂት ቀን ፈቀቅ ሊል ስለሚችል ግን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። ለጎንደር ሰው የምመክረው ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው የምሽት ግማሽ ጨረቃ ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት ጀንበር ስትጠልቅ ወደ አናት ተጠግታ ትገኛለች። ሁለተኛውና የተሻለው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ጎሕ ሲቀድ ከፍ ብላ የምትታየው የመጨረሻዋ ግማሽ ጨረቃ ናት፤ አየሩ የታጠበ፣ ጭሱ ያረፈ፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ስለሆነ ሦስቱም ነገር በአንድ ላይ ይገጥማል።

ጨረቃ በሴንሰሩ (ብርሃኑን በሚቀበለው የካሜራ ክፍል) ላይ የሚኖራትን ስፋት ለማወቅ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም በሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር፣ ለ110 ማካፈል ይበቃል። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ በ1,000 ሚሊ ሜትር ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ፀሐይም ከምድር ስትታይ ከጨረቃ ጋር እኩል ለማለት የሚያስደፍር ስፋት ስላላት ስሌቱ ለሁለቱም ይሠራል። ከ300 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሌንስ ያለው ሰው ጉድጓዶችን ከማሳደድ ይልቅ ጨረቃን ከመልክዓ ምድር ጋር ቢያነሣ ይሻለዋል።

ብርሃኑን በእጅ አስተካክሉ፤ ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ጨረቃን ነጭ ሰሌዳ ያደርጋታል። ለሙሉ ጨረቃ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) 11፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩ። ለግማሽ ጨረቃ ከዚህ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ፎከሱን ለማስተካከል በስክሪኑ ላይ ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልታችሁ በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ ምረጡ፣ ቀለበቱንም ጥላው በስለት የተቆረጠ እስኪመስል ድረስ በቀስታ አዙሩ። ቀለበቱን ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ አሳልፎ መመለስ ነጥቡን ለማግኘት ይረዳል። ከዚያ በኋላ ሌንሱን በፍጹም አትንኩ፤ ምስሉንም ቁልፉ ከተነካ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ አድርጉ።

ጨረቃን ከፋሲል ግንብ በላይ ስትወጣ ማንሳት የሚፈልግ ሁሉ በቅድሚያ ወደ ጎሃ ኮረብታ ይወጣል። ከጎሃ ግን ከተማው በስተደቡብ ነው፣ ጨረቃ ደግሞ በደቡብ አትወጣም። የምትወጣበት አቅጣጫ ከምሥራቅ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ከ30 ዲግሪ አያልፍም፤ ሙሉዋ ጨረቃ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታደላለች። ስለዚህ ስትወጣ ለማንሳት ከግንቡ በስተምዕራብ፣ ስትጠልቅ ለማንሳት በስተምሥራቅ ያለ ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ይገባል። ርቀቱም ይወስናል፤ 10 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ከ1,100 ሜትር ሲታይ ከጨረቃ ጋር ይተካከላል። ሙሉ ከመሆኗ አንድ ቀን በፊት ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለምትወጣ ግንቡም ጨረቃም በአንድ ምስል ላይ ተመጣጣኝ ብርሃን ያገኛሉ። በሙሉ ጨረቃ ቀን ግን ጨለማው ቶሎ ይመጣል፤ የእኛ አገር ምሽት አጭር ነው።

ስለ ፀሐይ

ከጨረቃ ጋር መሳሳት ፎቶ ያበላሻል፣ ከፀሐይ ጋር መሳሳት ዓይን ያጠፋል። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ሕመም የማይሰማው በመሆኑ ጉዳቱ ሲደርስ ሰውየው አያውቀውም። ዓይን በሚጠጋበት የካሜራው ኦፕቲካል መመልከቻም ሆነ በቴሌስኮፕ ለአፍታ እንኳ ያለ ማጣሪያ ወደ ፀሐይ መመልከት አይፈቀድም። የራጅ ፊልም፣ ጥቀርሻ የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ ድርብ የፀሐይ መነጽርና ለመልክዓ ምድር የሚሸጥ ጥቁር ማጣሪያ ሁሉ አይበቁም፤ የሚታየውን ብርሃን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ኢንፍራሬድ ሊያሳልፉ ይችላሉ። የብየዳ መስታወት ቁጥሩ 14 ከሆነ በባዶ ዓይን ለማየት ይሆናል፣ ለጥሩ ፎቶ ግን አይሆንም።

የሚያስፈልገው ብርሃኑን ወደ 1/100,000 የሚቀንስ ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ፊልም ነው፤ ከእነዚህ የታወቀው የባደር ኩባንያ አስትሮሶላር ነው። ፊልሙ በቁራጭ ስለሚሸጥ ክዳኑን በካርቶን መሥራት ይቻላል። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ጥብጣብ በሌንሱ አፍ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙና በፕላስተር እሰሩት፤ ሳይጎተት የማይወጣ፣ ሲጎተት ግን ሌንሱን የማያናውጥ መሆን አለበት። ከዚያ ሁለት የካርቶን ቀለበት ቆርጣችሁ በአንዱ ላይ በሁለቱም ፊት የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፉ። ፊልሙን በንጹሕ ሶፍት ላይ ዘርጉና ቀለበቱን ከላይ ጣሉበት፣ በሌላውም ቀለበት ክደኑት። ፊልሙን አትወጥሩት፤ የተጨማደደ መምሰሉ ምስሉን አይጎዳም፣ መወጠሩ ግን ይጎዳዋል። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ክዳኑን ወደ ደማቅ አምፖል አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ካበራች ፊልሙን ጣሉት።

ክዳኑ ሁልጊዜ የሚገጠመው ከሌንሱ ፊት እንጂ ከዓይን በኩል አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠ ማጣሪያ በተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ ክዳን፣ ቀጥሎ ማቅናት፤ ሲያበቃም መጀመሪያ ከፀሐይ ማዞር፣ ቀጥሎ ክዳን ማውለቅ። ነፋስ እንዳይወስደው በተጨማሪ ፕላስተር ከሌንሱ ጋር እሰሩት። በቴሌስኮፑ ጎን ያለችውን ትንሽ መፈለጊያ ነቅላችሁ አስቀምጡ። የሰፈር ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ስለዚህ መሣሪያውን ትታችሁ አንድ እርምጃ እንኳ አትራቁ።

ፀሐይን ያለ መፈለጊያ ለማግኘት የሌንሱን ጥላ መሬት ላይ ተመልከቱ፤ ጥላው በጣም ባነሰበት አቅጣጫ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ቀንቷል። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ስለምትደምቅና ፊልሙ 100,000 ጊዜ ስለሚቀንስ የሚተርፈው ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በ8 አፐርቸርና በ100 አይኤስኦ ከ1/400 እስከ 1/800 ሰከንድ መካከል ሞክሩ። ፎከሱን በጥቁር ነጠብጣብ ላይ አስተካክሉ፣ ነጠብጣብ በሌለ ቀን ደግሞ በጠርዙ ላይ። ነጠብጣቦቹ የሚበዙትና የሚያንሱት በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ሲሆን፣ ፀሐይም ከምድር ስትታይ በ27 ቀን አካባቢ አንድ ጊዜ ትዞራለች። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚያነሣ ሰው አንድን ነጠብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሳምንት ያህል ሊከተለው ይችላል። ከጠርዙ የሚወጡትን የእሳት ልሳኖች ለማንሳት ለዚያ ብቻ የተሠራ ውድ ቴሌስኮፕ ስለሚጠይቅ አልገባበትም።

ማጣሪያ የሌለው ሰው ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ የፀሐይን መልክ በነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍና ወረቀቱን በስልክ ማንሳት ይችላል፤ ከቀዳዳው አንድ ሜትር የራቀ ወረቀት ላይ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ምስል ይወጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ፣ ጎንደር ላይ በከፊል የታየውን ዓይነት ግርዶሽ በዚህ መንገድ ማንሳት አያስቸግርም፤ የዛፍ ቅጠል ክፍተትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። የሚቀጥለው ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉው በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የሚያልፍ ሲሆን ለእኛ በከፊል ይታያል፤ ወሩ ሐምሌ ስለሆነ ግን ደመና በመሐል ሲገለጥ ለማንሳት መዘጋጀት እንጂ ጥርት ያለ ሰማይ መጠበቅ አይገባም። የጨረቃ ግርዶሽ ማጣሪያ አይፈልግም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ በዚያ ወር የጎንደር ሰማይ የጠራ ስለሚሆን ከሁለቱ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ነው። ቀይ ስትሆን ብርሃኗ በጣም ስለሚቀንስ አይኤስኦውን ወደ 1,600 ከፍ አድርጋችሁ ሹተሩን ከአንድ ሰከንድ አታስበልጡ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ረጅም ሌንስ ላይ የምድር መዞር ምስሉን ይጎትተዋል።

ካነሡ በኋላ

አየር ሁልጊዜ ስለሚናወጥ ከአንድ ምስል ይልቅ ብዙ ምስል ማንሳት ይጠቅማል። ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ወይም ሠላሳ ያህል የሮው (ካሜራው ያልጨመቀውና ያላስተካከለው) ፎቶ አንሡ። አውቶስታከርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከቪዲዮው ውስጥ የጠሩትን ክፈፎች መርጦ ይደራርባቸዋል፤ ከመቶ ሃያው ቢመረጥ ይበቃል፣ አየሩ መጥፎ በነበረበት ቀን አሥሩም በቂ ነው። የተደራረበው ምስል መጀመሪያ ደብዛዛ መስሎ ይታያል፤ ዝርዝሩ የሚወጣው ሬጂስታክስ በሚባለው ፕሮግራም ይበልጥ እንዲጎላ ሲደረግ ነው። በጨረቃ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር መታየት ከጀመረ ከልክ አልፏልና ወደ ኋላ መልሱት። በፊልም የተነሣች ፀሐይ ነጭ ሆና ትወጣለች። ብዙዎች ብርቱካናማ ቀለም ይቀቧታል፤ እኔ ነጭ ሆና እንድትቀር እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በነጠብጣቡ ጥቁር እምብርትና በዙሪያው ባለው ግራጫ መካከል ያለው ልዩነት በነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን ርዝመትና የአየሩን ሁኔታ በስሙ ላይ ጻፉ፤ የነጠብጣቡን ጉዞ ከቀን ቀን ለማመሳከር ሰዓቱ በደቂቃ መመዝገብ አለበት።