ኮረብታማና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚያስቸግር ስኪ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከተደለደለ የስኪ መንገድ ወጥቶ በጫካና በኮረብታ መካከል ለሚደረግ የበረዶ ላይ ጉዞ የሚሠራው ስኪ (ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ)፣ ተረከዝን ነጻ የሚተው፣ ከውድድር ስኪ ሰፋና ጠንከር ያለ፣ ከቁልቁለት መውረጃ ስኪ ደግሞ ቀለል ያለ መሣሪያ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገኝ በመሆኑ ዳገት እንዲወጣ፣ ሜዳ ላይ እንዲንሸራተት፣ ቁልቁለት ላይም እንዲታጠፍ ይጠበቅበታል፤ ሦስቱን እኩል የሚያሟላ ስኪ ግን የለም። አብዛኛው ገዢ ምርጫውን የሚጀምረው ከወርዱ ነው። በእኔ እምነት ውጣ ውረድና መጠምዘዝ በሚበዛበት መንገድ ላይ ከሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከመሃሉ ቅስት ጥንካሬና ከርዝመቱ ሲሆን፣ ወርድ የሚመጣው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው። ችግሮቹ እዚህ የቀረቡት በመንገድ ላይ በሚሰሙን መልክ ነው፤ አዲስ ስኪ የሚመርጥም ሆነ ያለው ስኪ ያስቸገረው ሰው ከራሱ ምልክት ተነስቶ መንስኤው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ምልክት፦ ዳገት ላይ እግር በተገፋ ቁጥር ስኪው ወደ ኋላ ይንሸራተታል

ስኪውን በጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠው ከጎኑ ቢያዩት መሃሉ እንደ ድልድይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚህ ቅስት ሥር ያለው ክፍል በረዶውን ለመቆንጠጥ የተተወ ነው፤ ወይ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ጥርስ ተቀርጾበታል፣ ወይ የሚይዝ ሰም ይቀባል። ክብደትዎ ለሁለቱ ስኪዎች ሲከፋፈል ይህ ክፍል ከበረዶው ላይ ስለሚነሣ ስኪው ይንሸራተታል፤ ሙሉ ክብደትዎ በአንዱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቅስቱ ተጨፍልቆ ጥርሱ ወይም ሰሙ በረዶውን ይነክሳል። ስለዚህ ወደ ኋላ መንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ ቅስቱ ለክብደትዎ ከሚገባው በላይ መጠንከሩን ያመለክታል። ለተደለደለና ለጠነከረ መንገድ የሚሠሩ ስኪዎች ድርብ የሚባለው ጠንካራ ቅስት አላቸው፤ ለኮረብታ የሚመረጠው ከዚያ የለዘበው ነው።

ማረጋገጫው አንድ ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። በጠንካራና ጠፍጣፋ ወለል ላይ በሁለቱ ስኪዎች እኩል ቆመው ሌላ ሰው ወረቀቱን ከእግርዎ ሥር ያስገባ። በሁለት እግር ቆመው ሳሉ ወረቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀላሉ ሊሳብ ይገባል፤ ክብደትዎን ሁሉ ወደዚያ ስኪ ሲያዛውሩ ደግሞ ተይዞ መቅረት አለበት። በአንድ እግር ቆመውም ወረቀቱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ስኪው ይጠነክርብዎታል፤ መፍትሔው በዚያው ዓይነት አጠር ያለውን ወይም ቅስቱ የለዘበ ሌላ ዓይነት መውሰድ ነው። ሙከራውን የሚያደርጉት በጉዞ የሚይዙትን ሻንጣ ተሸክመው ይሁን፤ የሁለት ቀን ስንቅና ድንኳን የተሸከመ ሰው ለስኪው ሌላ ሰው ነው። ቁመት ለዚህ ምርጫ ደካማ መለኪያ ነው፤ ቁመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ 60፣ ሌላው 85 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስኪ ቢገዙ ቢያንስ አንዳቸው ይቸገራሉ።

ወረቀቱ እንደሚገባው ከተያዘና ስኪው አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ ነገሩ የመያዣው ነው። የተቀረጸው ጥርስ ለስላሳና እርጥብ በረዶ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ቀልጦ ዳግም በጠጠረ በረዶ ላይ ግን የሚነክሰው አያገኝም። በሰም የሚሠራ ስኪ ለብርድ ጠንካራውን፣ ለሙቀት ለስላሳውን፣ ለጠጠረው ደግሞ ክሊስተር የሚባለውን ተለጣፊ ሰም ይፈልጋል፤ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይና በታች በሚመላለስበት አካባቢ ይህን ሲቀያይሩ መዋል አድካሚ ስለሆነ ጥርስ ያለው ይሻላል። ቁልቁለቱና ዳገቱ ረጃጅም ከሆኑ ግን ከሁለቱም ይልቅ፣ ከቅስቱ ሥር የሚታሰር አጭር የስኪ ቆዳ (ፀጉሩ ወደ ኋላ መንሸራተትን የሚገታ ቁራጭ) የሚቀበል ስኪ መምረጥ ዋጋ አለው፤ ቆዳው ሲወጡ ይታሰራል፣ ሲወርዱ ይፈታል። እጅግ ቀጥ ያለ ዳገትን በጥርስ ብቻ በቀጥታ የሚወጣ ስኪ የለም፤ እዚያ የስኪዎቹን ጫፍ ከፍቶ እንደ ዓሣ አጥንት እየረገጡ መውጣት የተለመደ ነውና ጥፋቱን በስኪው ላይ አያላክኩ።

ምልክት፦ ሜዳ ላይ ይጎትታል

ይህ የቀደመው ተቃራኒ ነው። ቅስቱ ለክብደትዎ ስለሚለዝብ ጥርሱ በሁለት እግር ሲንሸራተቱም በረዶውን ይነካል። በወረቀቱ ሙከራ በሁለት እግር ቆመው ሳሉ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። አንድ ደረጃ ረዘም ወይም ጠንከር ያለውን ይውሰዱ፤ መንገድዎ ከሜዳው ይልቅ ዳገት የሚበዛበት ከሆነ ግን ጥቂት መጎተትን ችሎ ማለፍ ከመንሸራተት ይሻላል።

ምልክት፦ ቁልቁለት ላይ ኩርባው ሲደርስ ስኪው ቀጥ ብሎ ወደ ዛፉ ይሄዳል

ብዙዎች ስኪ የሚቀይሩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም የሚቀይሩት በተሳሳተው ነው። የስኪ ወገብ ከጫፉና ከጅራቱ ይጠብባል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖርዌይ ቴሌማርክ የሞርጌዳል ሰው ሶንድሬ ኖርሃይም ስሙ የሚነሣው ወገቡን ባጠበበው ስኪና ተረከዙን በሚያቅፈው ማሰሪያ ነው። ስኪው በጠርዙ ሲያዘነብል የወገቡ ጥበት ክብ መስመር እንዲከተል ያደርገዋል። ሻጩም «ይህኛው ወገቡ የጠበበ ነውና በደንብ ይታጠፋል» ይላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ግን በሒሳብ ማየት ይገባል።

የጫፉንና የጅራቱን ወርድ ደምረው የወገቡን ሁለት እጥፍ ይቀንሱ፣ የቀረውን ለ4 ያካፍሉ፤ ይህ የጎኑ ጉድባት ነው። ከዚያም በረዶውን የሚነካውን ርዝመት በራሱ አባዝተው ለጉድባቱ 8 እጥፍ ቢያካፍሉ ስኪው የሚከተለው ክብ ሬዲየስ በግምት ይገኛል። ጫፉ 68፣ ወገቡ 54፣ ጅራቱ 61 ሚሊ ሜትር ሆኖ በረዶውን በ180 ሴንቲ ሜትር የሚነካ ቀጭን ስኪ ሬዲየሱ ወደ 77 ሜትር ይሆናል። 99፣ 68 እና 84 የሆነው፣ በረዶውን በ160 ሴንቲ ሜትር የሚነካው ሰፊ ስኪ ደግሞ ወደ 27 ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። የጫካ መንገድ ኩርባ ግን ሬዲየሱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ ሰፊውን ስኪ በ45 ዲግሪ ቢያዘነብሉት እንኳ ሬዲየሱ ወደ 19 ሜትር ቢጠጋ ነው፣ ተረከዝ ነጻ በሆነ ለስላሳ ጫማ ያን ያህል ማዘንበልም የሚቻል አይደለም።

ስለዚህ በጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማንኛውም ስኪ በራሱ አይታጠፍም፤ የሚያጥፈው ተጓዡ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ወይ ስኪዎቹን እያነሣ ትንሽ ትንሽ በመረማመድ፣ ወይ ጅራታቸውን ከፍቶ በሽብልቅ ቅርጽ ፍጥነቱን በመግታት፣ ወይ ደግሞ ጅራታቸውን ወደ ጎን በማንሸራተት ነው። ለሦስቱም የሚረዳው አጭር ርዝመትና የለዘበ ቅስት ሲሆን፣ ጫፉ ቀደም ብሎ ወደ ላይ የሚነሣ ስኪም በቀላሉ ይዞራል። ጠንካራ ድርብ ቅስት ያለው ስኪ በቁልቁለት ላይ ጭነቱን ወደ ጫፉና ወደ ጅራቱ ስለሚያሳርፍ ሁለቱ ዳር ተተክለው አይዞሩም፣ ተጓዡም መሃል ላይ ያለ ምንም መያዣ የቆመ ይመስለዋል። በሁለት ርዝመቶች መካከል ከዋለሉና ሻንጣዎ ከባድ ካልሆነ አጭሩን ይምረጡ፤ ሜዳ ላይ የሚያጡት ፍጥነት በእያንዳንዱ ኩርባ ይካሳል። በእጅዎ ያለው ረጅም ስኪ ከሆነና መቀየር ካልቻሉ፣ ፍጥነትን ከኩርባው ቀድሞ በሽብልቅ መግታትና ኩርባውን ተረማምዶ ማለፍ ይቻላል፤ ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ለመግታት መሞከር ግን ዘግይቷል።

ምልክት፦ እግር ይዞራል፣ ስኪው ግን አይከተልም

ሰፊ ስኪ ገዝተው የቆየ ቀላል ጫማቸውን ያስቀሩ ሰዎች የሚያማርሩት ይህን ነው። ስኪው በሰፋ ቁጥር በጠርዙ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይሉ ደግሞ የሚያልፈው በጫማውና በማሰሪያው በኩል ነው። ጫማውን ከአፍንጫውና ከተረከዙ ይዘው እንደ ጨርቅ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘ ሰፊ ስኪ አይታዘዝለትም። ከተለመዱት ማሰሪያዎች አንዱ፣ ጫማውን ከጣቶች ሥር ባለች የብረት ዘንግ የሚይዘው ኤንኤንኤን ቢሲ፣ ቀላልና ለመራመድ የተመቸ ነው። ሌላው 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የጫማ አፍንጫ በሦስት ሹል ብረቶች የሚይዘው የቆየው ዓይነት ሲሆን፣ ከጠንካራ ጫማ ጋር ሰፊ ስኪን ለመቆጣጠር ይሻላል። አንዱ የሌላውን ጫማ አይቀበልም፤ የኤንኤንኤን ቢሲ ዘንግም ለተደለደለ መንገድ ከሚሠራው ተራ ኤንኤንኤን ስለሚወፍር ስማቸው መመሳሰሉ አያታልልዎ። በእኔ ግምት ወገቡ ከ65 ሚሊ ሜትር ወዲያ ለሆነ ስኪ በጀቱን መጀመሪያ ለጫማው ማዋል ይገባል።

ምልክት፦ በጠጠረ በረዶ ላይ ወደ ጎን ይሸሻል

መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የብረት ጠርዝ አለመኖሩ ወይም መደነዙ ነው። ቀን ቀልጦ ሌሊት የሚጠጥር በረዶ በሚበዛበት ኮረብታ ላይ ጠርዙ ሙሉውን የስኪ ርዝመት የሚከተል ስኪ ይምረጡ፤ ክብደት ይጨምራል፣ ግን ከመንሸራተት ያድናል። ጠርዙ ኖሮ የማይነክስ ከሆነ ዝገቱን አጽድተው በሞረድ ይሳሉት፤ ከጉዞ በኋላ ማድረቅ ዝገቱን ይከላከላል። ሁልጊዜ ለስላሳ በረዶ ላይ ለሚሄድ ሰው ጠርዙ ትርፍ ሸክም ነው።

ምልክት፦ በጥልቅ በረዶ ውስጥ ጫፉ ይሰጥማል

ወርድ ተራው የሚደርሰው እዚህ ነው። ጫፉ ሰፋና ለስለስ ያለ ስኪ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ጠንካራና ቀጭን ጫፍ እንደ ማረሻ ይገባል። ነገር ግን ከመንገዱ ከፊሉ በማሽን የተቦረቦረ የስኪ ፈር ያለው ከሆነ፣ ጫፉ ከ70 ሚሊ ሜትር ገደማ ያለፈ ስኪ ፈሩ ውስጥ በቅጡ አይገባም፤ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት የትኛው መንገድ እንደሚበዛ መቁጠር ይገባል።

ምልክት፦ በረዶ ከሥሩ እየተጋገረ ይከብዳል

ይህ ስኪ መቀየርን አይጠይቅም። ከሞቀ ቤት የወጣ ስኪ የነካውን በረዶ ያቀልጣል፣ ውሃውም ቅስቱ ሥር ዳግም ሲጠጥር አዲስ በረዶ ይለጥፍበታል፤ ከመነሣትዎ በፊት ስኪውን ደጅ አቁመው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ በሆነ ቀን ጥርሱን ጨምሮ ሥሩን ሁሉ ለማንሸራተት በተሠራ ፈሳሽ ሰም ይቀቡት። በጉዞ መሃል ከተጋገረ ደግሞ በፕላስቲክ መፋቂያ ያስለቅቁትና ሥሩን አድርቀው ዳግም ይቀቡት፤ ቢላዋ ግን አይጠቀሙ፣ ጥርሱን ይጎዳል።