ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ በመኪና እንዴት ይወጣል?

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው ፒስታ መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። እዚያ ላይ የሚገነጠለው ቀጭን መንገድ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ፣ የቴሌ ማማዎቹ ሥር ያደርሳል። ከመሬት ከፍ ያለ ፎር ዊል መኪና ያዙ፤ ጊዜው ደግሞ በጋ ይሁን።

መጀመሪያ ጎባ ወይም ዲንሾ እደሩ፤ ሰውነት ስስ አየር የሚለምደው በአንዴ አይደለም። ነዳጅ ሞልታችሁ ውጡ። ስኮርታ ጎማውን አውርዳችሁ ንፋሱን ለኩ፣ ክሪኩንም ሞክሩት። የራዲያተሩ ክዳን በደንብ የሚገጥም መሆኑን እዩ፤ ጫፉ ላይ ውሃ የሚፈላው 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ክዳኑ ካፈሰሰ ሞተሩ ቶሎ ይግላል።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲደክም አትደንግጡ። ጫፉ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነዳጅ እየረገጡ ከመታገል ቀደም ብሎ ወደ ከባድ ማርሽ መቀየር ይሻላል። ኩርባ ላይ ጥሩንባ ንፉ፤ ከመና በኩል ጭነት ይዞ የሚመጣ አይሱዙ ሊኖር ይችላል።

ሳነቴ ላይ መንገዱ ሲለጠጥ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። እባካችሁ ቀስ በሉ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው፣ የሚያድነውም በቀን ነው። ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፍልፈል ሲያደባ መንገድ ዳር ልታገኙት ትችላላችሁ። በመኪና ተገጭቶ መሞት ለእነዚህ እንስሳት እውነተኛ አደጋ ነው። ለፎቶ ብላችሁም ከመንገዱ አትውጡ፤ ጎማ የፍልፈሉን ጉድጓድ ይደረምሳል።

የመጨረሻው አቀበት ልቅ ድንጋይ ይበዛበታል። ከመገንጠያው ጀምሮ ፎር ዊል አስገቡ፣ በዝግታ ሳትቆሙ ውጡ፣ መሪውን አጥብቃችሁ አትታገሉት። ጫፉ ላይ ራሱን ያመመው ወይም ያስመለሰው ሰው ካለ ወዲያው ውረዱ፤ ፍቱኑ መድኃኒት መውረድ ነው።

ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ነፍስ ያስከፍላል። ፍሬኑን ተጭናችሁ አትቆዩ፣ ረገጥ ለቀቅ አድርጉ። የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ውሃ እንዳታፈሱበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።