የካርቦን ፋይበር የተራራ ብስክሌት ፍሬም በቤት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ፍሬሜ እስከ ዛሬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። የከዳኝ ድንጋይ ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ አይደለም። ገና ጎማ እንኳ ሳይገባለት፣ ሞርሳ ላይ አስሬ የፔዳሉ ዘንግ የሚቀመጥበትን ቤት በብረት ዘንግ ጠምዘዝ ሳደርገው “ጠቅ” አለና በውስጡ የተጣበቀው የአሉሚኒየም ቀለበት ካርቦኑ ውስጥ ዞረ። አውጥቼ ሳየው ሙጫው አንድም ሳይቀር ካርቦኑ ላይ ተጣብቋል፤ አሉሚኒየሙ ግን ታጥቦ እንደ ወጣ ማንኪያ ያበራል። ሙጫው ተሰብሮ አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ አልያዘም።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፍሬም ሠርቻለሁ፤ ሁለቱም ይነዳሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ።

ከከባዱ መጀመር

ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውን አይተው የሚነሡ ሰዎች ሐሳባቸው በቀጥታ ወደ ሞልድ፣ ማለት ወደ ቅርጽ ማውጫ፣ ይሄዳል። ኬስትረል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ከቱቦዎች ያልተገጣጠመ፣ በሞልድ የወጣ ወጥ የካርቦን ፍሬም ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙዎቹ ትልልቅ አምራቾች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሙጫ የጠጣ ጨርቅ በሞልድ ውስጥ ይነጠፋል፣ ከውስጥ ፊኛ ይነፋል፣ በሙቀት ይበስላል። ይህ ሺህ ፍሬም ለሚያወጣ ያዋጣል። አንድ ፍሬም ለሚሠራ ሰው ግን ሞልዱን መሥራቱ ብቻ ከፍሬሙ ሁለትና ሦስት እጥፍ ድካም ነው።

ለቤት የሚሆነው ተዘጋጅተው የሚሸጡ የካርቦን ቱቦዎችን ቆርጦ ማጣበቅና መጋጠሚያዎቹን በካርቦን ጨርቅ መጠቅለል ነው። የመጀመሪያው ፍሬም ከኋላ ሞላ ባይኖረው ይሻላል፤ ከፊት ያለው ባለሞላ ሹካ ይበቃዋል። ክብደት ማሳደዱንም ለሦስተኛው ያቆዩት። መጋጠሚያዎቹ ላይ 300 ግራም ትርፍ ጨርቅ ቢገባ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ ቢያህል ነው፤ ነጂው ቁርሱን ሲበላ ከዚያ በላይ ይጨምራል።

ካርቦንን እንደ ብረት መቁጠር

ብረት ከየትም አቅጣጫ ቢጎትቱት ያው ብረት ነው። የካርቦን ጨርቅ ግን የሸማ ዘመድ ነው፤ ጥንካሬው ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ነጠላ ካለ አሁኑኑ ይሞክሩት። በድሩ አቅጣጫ ይዘው ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ቢጎትቱት ግን ይለጠጣል፣ አራት ማዕዘኑ ይዛባል። “3ኬ” በሚባለው የካርቦን ጨርቅ ውስጥ እያንዳንዱ ድርና ማግ 3,000 ቀጫጭን ክሮችን የያዘ ሲሆን፣ አንዷ ክር 7 ማይክሮን ገደማ ብቻ ናት፤ ከሰው ፀጉር አሥር ጊዜ ያህል ትቀጥናለች። ሙጫው ደርቆ እነዚህን ክሮች አንድ ላይ ቢይዛቸውም የነጠላው ጠባይ አይለቃቸውም።

አሁን ብስክሌቱን ያስቡ። ነጂው ቀኝ ፔዳሉን ሲረግጥ የታችኛው ቱቦ ይጠመዘዛል፤ የፊት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ያው ቱቦ መሪው ሥር ለመታጠፍ ይገፋል። መታጠፍን የሚሸከሙት በቱቦው ርዝመት የተኙት ክሮች ናቸው። መጠምዘዝን የሚሸከሙት በ45 ዲግሪ በግራና በቀኝ የተሻገሩት ናቸው። መጋጠሚያውን ሲጠቀልሉ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው ግን በሰያፍ መስመር የተሸመነውን ያንን የሚያምር ጨርቅ ይወድና ስድስቱንም ንብርብር በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። ውበቱን ለላይኛው ንብርብር ይተዉት፤ ከሥሩ ያሉት አቅጣጫቸው ተሰልቶ ይነጠፉ።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው ሁሉንም ንብርብር በአንድ መስመር ላይ መጨረስ ነው። ጭነቱ እዚያ መስመር ላይ ይጠራቀምና ቱቦው በማስመሪያ ጠርዝ እንደተቀደደ ወረቀት ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ንብርብር ከበታቹ ካለው 8 ወይም 10 ሚሊሜትር እያለፈ እንደ ደረጃ ይውረድ። ሁለተኛው፣ ሁለት ቱቦዎች የሚገናኙበትን ስለታም ጥግ እንዳለ መተው ነው። ክሩ እዚያ ሲደርስ ወይ ይታጠፋል፣ ወይ ከሥሩ ባዶ አየር ያቅፋል። ጨርቁ ከመሄዱ በፊት ጥጉን በወፈረ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በሚደርቀው ሙጫ) ሞልተው በአውራ ጣት ያለስልሱት። እዚህ ላይ ከመሣሪያ ሁሉ የሚሻለው ጓንት የለበሰ አውራ ጣት ነው።

ሳይስሉ መቁረጥ

በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሙሉውን ፍሬም በእውነተኛ ልኩ ይሳሉት፤ ከነሹካው፣ ከነጎማው። ሹካው የሰው ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ እንደሚል የሚረሳ ብዙ ነው፤ 20 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል የመሪው ማዕዘን በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀናል። የ2.4 ኢንች ጎማ ወርዱ 61 ሚሊሜትር ነው፤ ጭቃ ሲይዝ ይወፍራል። በግራና በቀኝ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ያልተወ ሰው ፍሬሙን በገዛ ጎማው ሲሞርደው ይከርማል።

ሲገጣጠም ቱምቢና ውሃ ልክ ከጠረጴዛው አይራቁ። የተራራ ብስክሌት የኋላ ጎማ ዛሬ በብዛት የሚገባው 148 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቦታ፣ በ12 ሚሊሜትር ዘንግ ነው። ሙጫ ከመነካቱ በፊት እውነተኛው ጎማ ገብቶ፣ ክር ተወጥሮ፣ መሐሉ መሐል መሆኑ ይረጋገጥ። ብረት ተጣሞ ቢወጣ በጉልበት ይመለሳል። ካርቦን አይመለስም።

ንጹሕ በሚመስል ገጽ መታለል

ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ፍሬሜ ልመለስ። ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼው ነበር፤ በአልኮልም ጠርጌው ነበር። ከዚያ ግን ሸሚዜ ላይ ጠረግ አድርጌ፣ በባዶ እጄ አገላብጬ ልኩን አየሁ፣ ለቤተሰብ አሳየሁ፣ እራት በላሁ፣ ተመልሼ አጣበቅሁት። በጣት የተነካ ብረት ቅባት ይዟል። ከሰዓታት በፊት የታሸ አሉሚኒየም ደግሞ አየር ላይ ሲቆይ ገጹ ለሙጫ እየደከመ ይሄዳል።

ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ። በ80 ወይም በ120 ቁጥር ወረቀት አሻሽቼ፣ በአሴቶን በነከርኩት ነጭ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እጠርጋለሁ፤ ጨርቁ ላይ ጥቁር ምልክት እስኪጠፋ ድረስ እየቀየርኩ። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ አፈስበታለሁ። ውሃው ቅባት እንዳለው ምጣድ እየተንከባለለ ጠብታ ከሠራ ገጹ ገና ቆሻሻ ነው። እንደ ስስ መስታወት ሙሉውን ከሸፈነው ንጹሕ ነው። አድርቄ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ ወዲያው አጣብቃለሁ። የካርቦን ቱቦዎቹም ከዚህ ፈተና አያመልጡም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ሞልዱን እንዲለቁ የተቀባ ሰም ሊኖርባቸው ይችላል።

ሌላም ጥፋት ነበረኝ። ቀለበቱን በኩራት፣ በመዶሻ እየተመታ እስኪገባ ድረስ አጥብቄ ነበር የሠራሁት። ሲገባ ሙጫውን ሁሉ እየጠረገ ገባ። ለሙጫው ዙሪያውን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ያስፈልገዋል። ደግሞም ካርቦንና አሉሚኒየም ላብና ጨው ባለበት በቀጥታ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ በመካከላቸው አንድ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ማስገባት ይህን ይከላከላል።

ኢፖክሲን እንደ ወጥ ቅመም በዓይን መለካት

በፖሊስተር ሙጫ የውሃ ታንከር ወይም የመኪና አካል የጠገነ ሰው ማጠንከሪያ ሲጨምር ቶሎ እንደሚደርቅ ያውቃል። ያ ልማድ ኢፖክሲን ይገድለዋል። ኢፖክሲ ላይ ማጠንከሪያው ራሱ የመዋቅሩ አካል ነው፤ ከልኩ ቢበዛም ቢያንስም ሙጫው ለዘለዓለሙ ለስላሳ ወይም ደካማ ሆኖ ይቀራል። በክብደት 100 ለ30 የሚቀላቀል ኢፖክሲ በመጠን ሲሰፈር 100 ለ36 ሊደርስ ይችላል፤ ማጠንከሪያው ከሬዚኑ፣ ማለት ከዋናው ፈሳሽ፣ ይቀላልና። የትኛውን እንደሚሉ ቆርቆሮው ላይ ያንብቡና በግራም በሚለካ ሚዛን ይመዝኑ። ለጨርቁ የሚበቃውም በሚዛን ይታወቃል፤ ለ200 ግራም ጨርቅ 200 ግራም ሙጫ አድርገው ይጀምሩ፤ ትርፉ ኋላ ሲታሸግ ይወጣል።

ብዙ አይበጥብጡ። አንድ ምሽት 400 ግራም በእርጎ ኩባያ በጥብጬ ስልክ ለማንሣት ወጣሁ። ስመለስ ኩባያው ቀልጦ፣ ሙጫው እየጨሰ ነበር። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ የታጨቀ ሙቀት መውጫ ስለማያገኝ ራሱን ያፈላል። በጉጠት አንጠልጥዬ በረዶው ላይ ጣልኩት። ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ ቢዘረጋ ይህ አይመጣም። በቅዝቃዜ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በክረምት ጋራዥ ውስጥ እንደ ማር ይወፍርና ጨርቁን ዘልቆ አይገባም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ምቹ ነው።

የሚኖሩበትን ከፍታ መርሳት

ሙጫ የጠጣው መጋጠሚያ በላስቲክ ይታሸግና አየሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል። ብዙ ሰው ጨርቁን የሚጫነው ፓምፑ ይመስለዋል። ፓምፑ የሚያደርገው በላስቲኩ ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። የሚጫነው ውጭ ያለው አየር ነው። እኔ ደግሞ አየሩ የሳሳበት አገር እኖራለሁ። የፓምፔ መለኪያ እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) ተጽፎበታል፤ መርፌው 24 ላይ ደርሶ ቆመ። ቀዳዳ አለ ብዬ ሁለት ምሽት ሙሉ ላስቲኩን በጆሮዬ ስዳስስ፣ የማሸጊያውን ጠርዝ ስረግጥ አደርኩ። ቀዳዳ አልነበረም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ እዚህ፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ 83 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፓምፕ የሚከፍት ሰው ደግሞ ከ76 ገደማ በላይ የሚጫንለት አየር የለውም፤ መርፌውም 22 አካባቢ ይቆማል። ቀዳዳ መኖሩ የሚታወቀው መርፌው የት ቆመ በሚለው ሳይሆን ፓምፑ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ሲጠበቅ ወደ ኋላ መመለስ አለመመለሱ ላይ ነው።

ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች፣ በተለይ እንደ ፔዳሉ ዘንግ ቤት ላለ ጠምዛዛ መጋጠሚያ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴፕ ጥሩ ረዳት ነው። የሚያጣብቀው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ፣ እየተወጠረ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በመርፌ ይበሳሳል። ትርፉ ሙጫ በየቀዳዳው እንደ ላብ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። አቅጣጫ ግን አይቀያየር፤ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ የጠቀለለ ሰው ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ያጨማድዳል። የተጨማደደ ክር ጭነት ሲገፋው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መጀመሪያ የሚሰበረውም እሱ ነው።

አቧራ

ካርቦን ሲታሽ የሚወጣው ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፤ ሳንባም ውስጥ መግባት የለበትም። ውሃ እያረጠቡ ያሹ፤ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያድርጉ። ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኮምፒውተር ባለበት ክፍል አይሠራም። ኢፖክሲም በቆዳ ላይ እየተደጋገመ ሲነካ የማይለቅ አለርጂ ያስከትላል፤ የናይትራይል ጓንት ዋጋው ትንሽ ነው።

ሳያበስሉ ፀሐይ ላይ ማውጣት

በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ለእጅ ድንጋይ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። መኪና ላይ ተጭኖ በኮሎራዶ የሐምሌ ፀሐይ የቆመ ጥቁር ፍሬም እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። መፍትሔው አስቀድሞ ማብሰል ነው። ግድግዳ ለማልበስ ከሚሸጥ ሙቀት ከላካይ ሰሌዳ ሣጥን ሠርተው፣ በትንሽ ማሞቂያ የሙጫው አምራች እስከሚያዝዘው ሙቀት ቀስ በቀስ ያድርሱት፤ በብዙዎቹ 60 ዲግሪ አካባቢ ለተወሰኑ ሰዓታት ነው። ፍሬሙ ከማሰሪያው ሳይወጣ ይብሰል፤ አለዚያ ሲለሰልስ ይጣመማል። እሳት ሊነሣ ስለሚችል ሣጥኑን ትተው አይሂዱ፤ እኔ ወንበር አጠገቡ አስቀምጬ ቡና ጠጣሁ። በመጨረሻ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ይቀባል፤ ኢፖክሲ ራቁቱን ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆንና ይደክማል።

ከጋራዥ በቀጥታ ወደ ተራራ

አይኤስኦ 4210 የተባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደረጃ የተራራ ብስክሌት ፍሬምን በፔዳሎቹ በኩል በ1,200 ኒውተን፣ ማለት 120 ኪሎ በሚያህል ጭነት፣ 100,000 ጊዜ ያስረግጠዋል። ቤት ውስጥ ይህን መድገም አይቻልም፤ የማይቻል መሆኑ ግን ምንም ላለመፈተን ምክንያት አይሆንም። ፍሬሙን አስረው ክብደት ያንጠልጥሉ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይለኩ፣ ሲያወርዱ ወደ ነበረበት መመለሱን ይዩ። ካልተመለሰ አንድ ነገር ውስጡ ለቅቋል። በራስዎ ፍሬም ራስዎ ይንዱ፤ ለሌላ ሰው አይሽጡ። የመጀመሪያው ወር ሜዳ ላይ ይሁን።

ከዚያ በኋላም መጋጠሚያዎቹን በሳንቲም ማንኳኳት አለ። ጤነኛው ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ደግሞ እንደ ካርቶን ይደፈናል። ቅዳሜ ማታ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ሳንኳኳ ልጄ “አባዬ ሰው መጣ” ትለኝ ነበር። በአራተኛው ወር መቀመጫው ሥር፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። በእርሳስ ከብቤ፣ እስከ ጤነኛው ንብርብር ድረስ አሽቼ፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቀለልኩት። እርሳሱን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ የክቡ ግማሽ ዛሬም ከቫርኒሹ ሥር ይታያል።