በልብ ወለድ፣ በፊልምና በስልክ ከእውነታ መሸሽ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ ታማ ሆስፒታል በተኛችባቸው ሳምንታት ሌሊቱን የማሳልፈው ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤት ይዤው የሄድኩትን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አነበብኩ፤ እሱ ሲያልቅ በስልኬ መቆዘም ጀመርኩ። በሁለቱም የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ለጥቂት ሰዓት መርሳት። ይሁንና መጽሐፍ በያዝኩባቸው ሌሊቶች ነርሷ ስትጠራኝ ገጹን አጥፌ ወዲያው እገባ ነበር፤ የእናቴን እጅ ይዤ ያነበብኩትን ስተርክላት ፈገግ ያለችባቸው ጊዜያትም አሉ። ስልኩን በያዝኩባቸው ሌሊቶች ግን "እሺ፣ መጣሁ" እያልኩ ጣቴ ማንሸራተቱን አላቆመም፤ ሲነጋም ካየሁት ሁሉ አንዱን እንኳን ማስታወስ አቃተኝ። ስለ ሽሽት ስንነጋገር የምንሠራቸውን ስህተቶች በጥሞና ማጤን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሥር የሰደደው ስህተት ሽሽትን ሁሉ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ፍርሃት መቁጠር ነው። ልብ ወለድ ይዞ ጥግ የተቀመጠ ልጅ "ይህን ተረት ትተህ ትምህርትህን አጥና" የሚባለው ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ለዚህ ወቀሳ መልስ ሰጥቶበታል። ወቃሾቹ የእስረኛን ማምለጥ ግዳጁን ጥሎ ከጠፋ ወታደር ሽሽት ጋር አደባልቀውታል ባይ ነው፤ የታሰረ ሰው ወጥቶ ወደ ቤቱ ለመሄድ ቢሞክር፣ መውጣት ባይችል ደግሞ ከጠባቂዎቹና ከግንቡ ሌላ ስላለ ነገር ቢያስብና ቢያወራ ምኑ ያስነቅፈዋል ሲልም ይጠይቃል።

ቶልኪን እስረኛውን ያነሣው ለምሳሌ ነው፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ በእውን ተፈጽሟል። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን እጅግ ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። የሚጽፍበት ወረቀት ስላልነበረው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ወረቀት እየሰበሰበ በዚያ ላይ ጻፈ፤ ጽሑፉም በድብቅ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጥቶ፣ ከጊዜ በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" በሚል ርእስ ታተመ። መዳፍ በማትሞላ ብጣሽ ወረቀት ላይ የሩቅ አገር ጦርነትና ፍቅር በደቃቅ ፊደል ሲሰፍር በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ያ ሰው በሐሳቡ ከግንቡ ውጭ መዋሉ ጊዜውን አላባከነበትም፤ እንዲያውም በእስር ላይ የቀረለት ጊዜ ለፍሬ የበቃው በዚያ መንገድ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው "ልብ ወለድ የሸሺዎች ነው" ሲባል ሰምቶ ዝም ማለት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ስህተት የሽሽትን ጥሩነትና መጥፎነት በመሣሪያው መለካት ነው፤ መጽሐፍ የተከበረ፣ ፊልም የሚታለፍ፣ ስልክ ደግሞ የተረገመ ተደርጎ ደረጃ ይወጣለታል። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንተስ በ1605 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልብ ወለድ የፈጠረው ዶን ኪሾት የእርሻ መሬቱን እየሸጠ የገዛው መጽሐፍ ነበር፤ አእምሮውን ያሳጣውም እሱን ሌት ተቀን ማንበቡ ነው። በሌላ በኩል ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አድማጮቹ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ አብሮ ያደምጥ፣ ትረካው ሲያበቃም በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ዕጣ ይከራከር ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ብዙዎች በተመልካቾቹ፣ በተለይም በእናቶች ላይ ተሳልቀዋል። እኔ ግን ቡናው ተፈልቶ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚታየው ድራማ፣ አንድ ሰው ቤተሰቡን ላለማናገር ፊቱን ከጋረደበት መጽሐፍ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ግን በመሣሪያዎቹ መካከል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ ትልቅ ልዩነት አለ፣ እሱም ፍጻሜ ነው። መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው። ፊልም ሲያበቃ መብራት ይበራል። የድራማ ክፍል እንኳ ልብ አንጠልጥሎ ቢሆንም ይቆማል፤ ያ መቆም ተመልካቹ ወደ ቤቱና ወደ ራሱ የሚመለስበት በር ነው። በስልካችን ላይ ያለው በር ግን ሆን ተብሎ ተነሥቷል። ድረ ገጾች ቀድሞ ከግርጌያቸው ወደ ቀጣዩ ገጽ የሚወስድ ቁልፍ ነበራቸው፤ ቁልፉን ለመንካት የምታጠፋው ሰከንድ "ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?" ብለህ የምትጠይቅባት ነበረች። በ2006 እ.ኤ.አ. ዲዛይነሩ አዛ ራስኪን ገጹ ራሱን እያስረዘመ እንዲሄድ የሚያደርገውን ማለቂያ የሌለው ማንሸራተት ሠራ፤ በኋላም ፈጠራው ባስከተለው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ዛሬ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ የሚሠሩት በዚህ መልክ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺ ይሁን አስደናቂ አስቀድሞ አለመታወቁ ደግሞ እንደ ቁማር ማሽን እጅን ያስራል። ስለዚህ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያነጋን ልጅ "ፈቃደ ደካማ" ብሎ መገሠጽ ስህተት ነው፤ ልጁ የገባው መውጫው በባለሙያ እጅ በተደፈነ ቤት ውስጥ ነው። መውጫውን ከውጭ ልናበጅለት ይገባል፤ ለምሳሌ ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍል አውጥቶ ሳሎን መሰካት ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል።

ብዙም የማይነገርለት ስህተት ደግሞ ዜና መከታተልን ከሽሽት ውጭ አድርጎ ማየት ነው። በተለይ በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከሥራ ተመልሰን እስከ እኩለ ሌሊት ስለ አገር ቤት በቀጥታ የሚተላለፍ ክርክር ስንሰማ፣ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ስንዘዋወር፣ ልባችን የሚነግረን ግዴታችንን እየተወጣን መሆኑን ነው። የአገር ጉዳይ እውነተኛ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በዚያው ሰዓት ያልተከፈተ ደብዳቤ፣ ሳይደወልላት የቆየች እናት፣ በሚቀጥለው ክፍል ብቻውን የሚያጠና ልጅ ካሉ፣ ዜናው መሸሸጊያ ሆኖናል ማለት ነው፤ ቁጣና ሐዘን የሞላበት ስለሆነ ብቻ መዝናኛ አይመስለንም።

በመጨረሻ፣ ከምንሸሸው ነገር ጋር ሳንነጋገር መሸሸጊያውን ብቻ የመዝጋት ስህተት አለ። አንድ ወዳጄ በዐቢይ ጾም መግቢያ ቲክቶክን ከስልኩ አጠፋ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዩቲዩብ ላይ ያነጋ ጀመር። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ፣ ከወንድሙ ጋር በውርስ ቤት ተኳርፈው ሦስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ አጫወተኝ። ያን ዕለት ስለ ስልኩ ምንም አላልኩትም፤ የወንድሙን ቁጥር አሁንም እንደያዘ ብቻ ጠየቅሁት።