ሳሙራይን በትንሽ ወጪ ከፍ ለማድረግ

ባሌስትራ ላላት ሱዙኪ ሳሙራይ ርካሹ መንገድ ረዘም ያለ ሻክል (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ተንቀሳቃሽ ብረት) ነው። ሒሳቡን ግን ልብ በሉ፦ መኪናዋ የምትነሳው ሻክሉ የረዘመውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። 5 ሴ.ሜ ብትጨምሩ 2.5 ሴ.ሜ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ በሻክል መፈለግ አያዋጣም፤ ባሌስትራ ቀይሩ።

ክሪኩን ሻንሲው ላይ አድርጉ፣ በጠንካራ መደገፊያ አስይዙ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ፍቱ። የሻክሉን ቡሎኖች ጎማ አየር ላይ ሳለ አታጥብቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መኪናዋ ስትወርድ የላስቲክ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። መጀመሪያ አውርዷት፣ ላይዋ ወጥታችሁ ናጥ ናጥ አድርጓት፣ ከዚያ አጥብቁ።

የፊቱ ሻክል ከባሌስትራው የፊት ጫፍ ላይ ስለሆነ ሲረዝም አክስሉ አናቱን ወደ ፊት ያዘነብላል። መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ሲሄዱ ይዋልላል፣ ከተጠመዘዘም በኋላ በራሱ አይመለስም። መፍትሔው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ 2 ወይም 3 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ ነው፤ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት። የአሉሚኒየሙ ስለሚሰባበር አትግዙት።

በመጨረሻ ሻንሲውን አንስታችሁ አክስሉን አንጠልጥሉት፦ የፍሬን ጎማ ቱቦው ከተወጠረ ረጅም ይገዛለት።